«ኤሊዋን በስልክ ተከታተሉ» ከሚሉ የአምባር ሻጮች ተጠንቀቁ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ አምባር የሚያዞሩ ልጆች አሉ። ሰማያዊ ዶቃ ነው፤ ማማሩን ያምራል። ዋጋው ግን 450 ብር! ገንዘቡ ለቆሰሉ የባሕር ኤሊዎች ማሳከሚያ ነው ይላሉ። የኛ ሰው «ለተጎዳ» ካሉት ኪሱን አይቆጥርም፤ እነሱም ይህን አውቀዋል። ከአምባሩ ጋር ካርድ ይሰጣችኋል። የካርዱን ኮድ ስካን ስታደርጉ «የራሳችሁ» ኤሊ ካርታ ላይ ስትዋኝ ትታያለች።

የእህቴ ልጅ ገዝታ አሳየችኝ። የእሷ ኤሊ ስም «ጣይቱ» ነው። የጓደኛዋ ደግሞ «ሉሲ»። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አደረግናቸው። ነጥቦቹ አንድ ቦታ ናቸው፣ እኩል ይሄዳሉ፣ እኩል ይታጠፋሉ። አንዲትን ኤሊ ብዙ ሰው ቢረዳት ነውር የለውም፤ እውነተኞቹም እንዲያ ያደርጋሉ፣ ግን ይናገራሉ። እነዚህ አንዷን ኤሊ በየገዢው ስም እያወጡ ይቸበችቧታል።

ነጥቧ በየደቂቃው መንቀሳቀሷም አይዋጥም። እውነተኛው መከታተያ በኤሊዋ ጀርባ ላይ በጠንካራ ማጣበቂያ ይለጠፋል። ምልክቱ የባሕር ውሃን አልፎ ሳተላይት ጋ አይደርስም። ስለዚህ የሚልከው ኤሊዋ ለመተንፈስ ብቅ ስትል፣ አንቴናው ከውሃ ሲወጣ ብቻ ነው። ቦታዋ በቀን ጥቂት ጊዜ ከታወቀ ጥሩ ነው፤ ጭራሽ የማይታወቅበት ቀንም አለ። ካርዱ «ዕድሜ ልኳን ተከታተሏት» ይላል። መሣሪያው ግን ወይ ባትሪው ያልቃል፣ ወይ ከጀርባዋ ይወድቃል።

ጉዱ ገና ነው። ያው ካርድ «ጣይቱ በጀልባ ተመትታ በሕክምና ላይ ናት» ይላል። በሕክምና ላይ ያለች ኤሊ ገንዳ ውስጥ ነው ያለችው። መከታተያ የሚደረግላት ድና ስትለቀቅ ነው። ታዲያ ይቺ በሽተኛ ሕንድ ውቅያኖስን የምታቋርጠው በየትኛው ሐኪም ፈቃድ ነው? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ችግሩ የለም እያልኩ አይደለም። ኤሊዎችን የጀልባ ሞተር ይቆርጣቸዋል፣ መረብ ይዞ ያሰጥማቸዋል፣ ፕላስቲክም ይውጣሉ። ኬንያ ጠረፍ ዋታሙ ላይ የሚታከሙበት ማዕከል አለ። አንድ የሳተላይት መከታተያ ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ሻጩን «ይሄ ብር በየትኛው ባንክ ተመንዝሮ ነው የሚሄደው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አለቃችን ያውቃል» አለኝ። አለቃው ስም የለውም። ገንዘቡ የሚገባው በአንድ ግለሰብ ቴሌብር ነው። ደረሰኝ ስትሉት «ካርዱ ራሱ ደረሰኝ ነው» ይላችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የድርጅቱን የምዝገባ ሰርተፍኬት ጠይቁ። በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ከሌለ እለፉት። ዶቃው ብቻ ካማራችሁ ገበያ ወርዳችሁ በርካሽ ግዙ። የከፈላችሁ ካላችሁ ደግሞ የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ፣ ካርዱንና ካርታውን ፎቶ አንሡ፣ ፖሊስ ጋና ንግድ ቢሮ አመልክቱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛ ማስታወቂያን ይከለክላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮዱን ስካን ስታደርጉ የሚከፈተው ገጽ ስልክ ቁጥር ያስሞላና «በቴክስት የደረሳችሁን ቁጥር አስገቡ» ይላል። እሱን እንዳትሞክሩት። በዚያ ቁጥር የቴሌብር ሒሳባችሁ በሌላ ስልክ ሊከፈት ይችላል።