የኮምፒውተር ድምፅ በትንሽ ብር፦ ሄድፎን፣ የዩኤስቢ ስፒከር ወይስ ባለ ሣጥኑ?

የላፕቶፕ ስፒከር የሰለቸው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሳውንድ ካርድ (ድምፁን የሚያዘጋጀውን የኮምፒውተር ክፍል) ስለመቀየር ነው። አትቀይሩ። አብዛኞቻችን የምንሰማው ከዩቲዩብ ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፁን አምቆ ስለሚልከው የኮምፒውተሩ ጃክ (የሄድፎን ቀዳዳው) ይበቃዋል። ብሩ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ጆሯችሁ አጠገብ የሚሆነው ዕቃ ላይ ነው። የአገር ቤት ዋጋ ስለማይረጋ ከዚህ በታች ያለው የአሜሪካ ግምት ነው።

ሄድፎን

በእኩል ብር ሄድፎንን የሚበልጥ ስፒከር አይገኝም። ኮስ ፖርታ ፕሮ በፈረንጆች 1984 ወጥቶ እስካሁን መልኩን ሳይቀይር ይሸጣል፤ ከ40 እስከ 50 ዶላር። ክፍት ስለሆነ አጠገባችሁ የተኛ ሰው አብሯችሁ ይሰማል። ዝጉን የፈለገ ሶኒ ኤምዲአር-7506ን ይይ፣ ዋጋው ግን እጥፍ ነው። ቤተሰብ አብሮ ፊልም የሚያይ ከሆነ ሁለቱንም እለፏቸው።

ፔብል ወይስ ኤዲፋየር?

ብዙ ሰው የሚወዛገበው እዚህ ላይ ነው። ክሪኤቲቭ ፔብል በቡጢ ልክ የሆነ ክብ ስፒከር ነው፤ ከ20 እስከ 40 ዶላር። ኃይሉን የሚወስደው ከዩኤስቢ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ይሠራል። ፊቱ ወደ ላይ 45 ዲግሪ ስላዘነበለ ጠረጴዛ ላይ ሆኖም ድምፁን ወደ ጆሮ ይልካል። ዜና፣ ትምህርት፣ ማሲንቆና የዘፋኝ ድምፅ ጥርት ብለው ይሰማሉ። ከበሮ ሲመታ ግን ድም የሚለው ቀርቶ ጧ ጧ ብቻ ይሆናል፤ ከሁለት ኢንች ስፒከር ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ባለ ሣጥኑ ኤዲፋየር አር1280ቲ ባለ አራት ኢንች ስፒከር ነው፤ 42 ዋት፣ ከ100 እስከ 130 ዶላር። ከበሮው እዚህ አካል ያገኛል። ቤዙንና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) በጎን በኩል ባሉት ማዞሪያዎች ታስተካክላላችሁ፤ ሁለት መግቢያ ስላለው ኮምፒውተሩና ቴሌቪዥኑ ኬብል ሳይነቀል ይጋሩታል። ቦታ ግን ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ቤዙ ይደፈርሳል፤ ትንሽ ወደ ፊት አምጡትና ከሥሩ መጽሐፍ ደርድራችሁ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ከጆሯችሁ እኩል እንድትሆን አድርጉ። ይህ ብር አይጠይቅም፣ ልዩነቱ ግን ወዲያው ይሰማል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ፣ ሳይገዛ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ የሚል ዕቃ የእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ልግዛ ካላችሁ ደግሞ የቆጠባችሁት ብር እዚያው ያልቃል። ፔብል 5 ቮልት ከዩኤስቢ ስለሚወስድ ይህ ጣጣ የለበትም።

ጠረጴዛ ላላቸውና ክፍላቸው ጸጥ ላለ፣ እኔ ብሩ እስኪጠራቀም ታግሶ ኤዲፋየሩን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። የኪራይ ቤት ለሚቀያይር ተማሪ ግን ፔብል።

ሰብዉፈር ያለው ባለ ሦስቱ

ይህ ሁለት ትንንሽ ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሣጥን (ሰብዉፈር) ያለው ነው። ሱቅ ውስጥ ደረት ይመታል፣ ደንበኛም በዚያው ይሸነፋል። ቤት ስትወስዱት ግን ትንንሾቹ ስፒከሮች ወፍራሙን ድምፅ ስለማይችሉት ለሰብዉፈሩ ይለቁታል። ትዝታ ስትከፍቱ የዘፋኙ ድምፅ ግማሹ ፊት ለፊት፣ ግማሹ ከጠረጴዛ ሥር ይመጣል። ርካሾቹን ባትነኳቸው እመርጣለሁ።

ዝዝታ ካለ

ስፒከሩን ከመመለሳችሁ በፊት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት። ዝዝታው ከጠፋ ጥፋቱ የስፒከሩ አይደለም፤ በኬብል ፋንታ በብሉቱዝ ማገናኘት ይገላግላል፣ የኤዲፋየሩ ዲቢ የሚባለው ሞዴል ብሉቱዝ አለው። ጃኩ ራሱ ከተበላሸ ደግሞ የአፕል ባለ ዩኤስቢ-ሲ ትንሽ መቀየሪያ በ9 ዶላር ገደማ ይገኛል፤ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። የአሜሪካው ከአውሮፓው ከፍ ያለ ድምፅ ስለሚሰጥ ምርጫ ካላችሁ እሱን አስመጡ።