ለጸጉራም ውሻ የሚሆን ኮላር፦ ናይለኑ፣ ጎማ መሳዩ እና መርካቶ ያሠራሁት ክብ ቆዳ

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ውሻችሁ አጭር ጸጉር ያለው የሀበሻ ውሻ ከሆነ ያገኛችሁትን ኮላር ብታደርጉለት ብዙም ለውጥ የለውም፣ ይሄ ጸጉራም ውሻ ላለው ሰው ነው፤ ረጅም ጸጉሩ ጀርመን ሼፐርድ፣ ሀስኪ፣ ካውካሺያን፣ ወይ ከነዚህ የተዳቀለ አንገቱ ላይ ጎፈር ያወጣ ውሻ ላለው። የኔው ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ ያውም ረጅም ጸጉር ያለው ዓይነት፣ ስለዚህ የምለው ሁሉ በሱ አንገት የተፈተነ ነው።

የነዚህ ውሾች ጸጉር ድርብ ነው። ከላይ ያለው ረጅምና ሻከር ያለ ነው፣ ውሃና አቧራ የሚመልሰው እሱ ነው፣ ከስር ደግሞ በጣም ለስላሳ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ጸጉር አለ። ጣጣው የሚመጣው በዚህ በስረኛው ነው። ኮላር ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ እያለ ሲያሸው ያ ለስላሳው ይቋጠራል፣ የረገፈው ጸጉርም መውጫ አጥቶ እዛው ቋጠሮው ላይ ይጣበቃል፣ ቋጠሮው እርጥበት ይይዛል፣ ከስሩ ያለው ቆዳ አየር አያገኝም፣ ይቀላል፣ ውሻው ማከክ ይጀምራል፣ እናንተ ደግሞ ቁንጫ ነው ብላችሁ ዱቄት ትነሰንሱበታላችሁ። ጎፈሩን ከፍታችሁ ካላያችሁ በቀር ከውጭ ምንም አይታይም እኮ፣ ውሻው ያማረ የተሟላ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ለጸጉራም ውሻ መጀመሪያ የሚታየው ነገር የኮላሩ ቅርፅ ነው፣ ዋጋውም ቀለሙም ከዛ በኋላ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ኮላር ብዙ ጸጉር ተጭኖ ይይዛል፣ ሁለቱ ጠርዞቹ ደግሞ ጸጉሩን እየከረከሩ ይቆርጡታል። ክብ ሆኖ የተሰፋ ቀጭን ቆዳ ግን ጸጉሩ መሀል ሰምጦ ይገባል፣ ጠርዝ የለውም፣ ይንከባለላል እንጂ አያሽም። የውጭ አገር ሰዎች ለረጅም ጸጉር ውሻ ክብ ቆዳ የሚሉት ዝም ብሎ ለፋሽን አይደለም።

ናይለኑን ልጨርሰው። ከተማ ውስጥ ሱፐርማርኬትም የቤት እንስሳ ዕቃ ሱቅም የምታገኙት እሱን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ በፕላስቲክ ቀጭ የሚል መዝጊያ አለው። ለሁለት ነገር አልወደድኩትም። አንደኛ ውሃ ይጠጣል፣ ክረምት ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናቡ እንደምታውቁት ነው፣ ውሻው ግቢ ውስጥ ሲረጥብ ላዩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፣ ከጎፈሩ ስር ያለው ናይለን ግን እርጥብ ሆኖ ይውላል ያድራል፣ ይሸታልም፣ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ሲታከክ በአንድ ሌሊት ወደ ቁስል ይቀየራል፣ ሐኪሞቹ ሆት ስፖት የሚሉት እሱን ነው። ሁለተኛ ያ ፕላስቲክ መዝጊያ ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል። የኛው ውሻ ድመት አይቶ አንዴ ሲዘል ተበጥሶ ቀረ፣ ኮላሩ እኔ እጅ ላይ፣ ውሻው ጎረቤት አጥር ላይ። ሱቁ ሄጄ ስጠይቅ «ለትንሽ ውሻ ነው እሱ» አሉኝ፣ ሲሸጡልኝ ግን ለፈረስም ይሆናል ነበር የሚሉት።

ሰንሰለት በባዶው አንገት ላይ የምታስሩ ሰዎች፣ ኧረ ተዉ። ጸጉሩ በቀለበቶቹ መሀል እየገባ ይነጫል፣ ዝገቱ ጎፈሩን ያጠቁረዋል። ከዚህ በላይ አልልም።

ሦስተኛው አሜሪካ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ባዮቴን የሚባለው ነው። ስታዩት ጎማ ይመስላል፣ ግን ውስጡ የፖሊስተር ጥልፍ ነው፣ ከላዩ በፕላስቲክ መሰል ነገር የተሸፈነ፣ እዛው አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ነው ጥሬ ዕቃው የሚመረተው። እውነት ለመናገር ጥንካሬው አያሳማም። ውሃ አይገባውም፣ አይሸትም፣ በጨርቅ ጠርገኸው በቃ፣ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ መጥቶ እንኳን ውሃ ስትደፋበት አዲስ ነው። የሚያስጠላው ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፣ ጠርዙ ስለታም ባይሆንም ጸጉር ይጫናል፣ ትንሽ ቆይቶ ጆሮው ስር ቋጠሮ አገኘሁበት። ስለዚህ ዝናብ ላይና ዎክ ስንወጣ እሱን አደርግለታለሁ፣ ቤት ስንገባ አወልቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ያሳለፈን እሱ ነው፣ ምስጋና ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ መርካቶ ወዳሠራሁት። የሠሩልኝ ሰውዬ ድሮ የጋሪ ፈረስ ዕቃና ኮርቻ የሚሠሩ ነበሩ፣ አሁን አብዛኛው ሥራቸው ቀበቶና የቦርሳ ማንጠልጠያ ነው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ያልጠየቅኳቸውን ሰው ኦንላይን ማውጣት ደስ አይለኝም፣ ግን መርካቶ ቆዳ የሚሰፉ ሰዎች ጋር ገብታችሁ «የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ማነው» ብትሉ ያሳዩዋችኋል። ውሻውን ይዤ መርካቶ መግባት አይታሰብም፣ ስለዚህ የአንገቱን ልክ በሲባጎ ወስጄ ነው የሄድኩት። ጋሼ ሲባጎውን ዘረጉት፣ አዩት፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ለምንድነው ይሄ?»

«ለውሻ ነው ጋሼ።»

«ውሻ ነው ወይስ ጊደር?» ብለው ሳቁ፣ ከዛ ክብ ሆኖ ይሰፋልኝ ጸጉሩን እንዳይቆርጠው ስላቸው ወዲያው ገባቸው። «የበቅሎን ጭራ ስር የምታልፈዋ ጠፍር አለች አይደል፣ እሷን እኮ ክብ አድርገን ነው የምንሰፋት፣ ጠፍጣፋ ካደረግሽባት በቅሎዋን ትልጣታለች። ውሻም ያው ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ የከረምኩትን ሰውዬው ከበቅሎ ነው የተማሩት።

አሠራሩን ቆሜ አየሁት። የበሬ ቆዳ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ረጅም ጠፍር ቆረጡና ጠርዞቹን በቢላ አሳሱት፣ ውሃ ነካ ነካ አደረጉት፣ መሀሉ ላይ የጥጥ ገመድ አስገብተው ጠቀለሉት፣ ከዛ በወስፌ እየበሱ በሰም የተሻሸ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ሰፉት፣ አንዱ ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ነው። ስፌቱን ወደ ውጭ እንዲሆን አደረጉት፣ አንገቱን የሚነካው በኩል ምንም ክር የለም። መጨረሻ ላይ በጠርሙስ ሆድ ደጋግመው እያሹ አለሰለሱት። ጫፎቹ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ነው፣ ዘለበቱና ቀዳዳዎቹ ያሉበት ጋ፣ እዛ ላይ ደግሞ ከስሩ የበግ ቆዳ ለጠፉበት። የኛ አገር የበግ ቆዳ ለጓንት በዓለም የሚፈለግ እኮ ነው፣ ልስላሴው ሌላ ነው፣ ለብቻው ግን ለኮላር አይሆንም፣ ይቀደዳል፤ ጉልበቱ ከበሬው ነው፣ ምቾቱ ከበጉ።

ዘለበቱ ላይ ትንሽ ተከራከርን። መጀመሪያ ያመጡልኝ የሚያብለጨልጭ ነበር፣ በቁልፍ ጫፍ ጫር ሳደርገው ከስሩ ነጣ ያለ ግራጫ ብረት ወጣ፣ እሱ ላዩን የተቀባ ነው፣ ሲመታ ይሰነጠቃል። ነሐስ ብትጭሩት ከስርም ቢጫ ነው። ማግኔት ካላችሁ ደግሞ አስጠጉት፣ ከሳበው ተራ ብረት ነው፣ ይዝጋል (ካልሳበው ግን ወዲያው ደስ አይበላችሁ፣ ያ ግራጫውም አይሳብም፣ ስለዚህ መጫሩ ነው የሚሻለው)። ሊሹ (ውሻውን ይዛችሁ የምትሄዱበት ገመድ) የሚያያዝበት ቀለበት ላይ ደግሞ ጥፍራችሁን አስኪዱ፣ መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ካለ ተጣጥፎ የተሠራ ነው፣ ትልቅ ውሻ ይከፍተዋል። የተበየደ ይሁን። ጋሼ ከአሮጌ የፈረስ ዕቃ የተፈታ የነሐስ ዘለበት ነበራቸው፣ ጨምሬ ከፈልኩና እሱን አስገቡልኝ። በድምሩ 1,400 ብር ወጣ፣ ለናይለኑ ከከፈልኩት በላይ ነው ግን ይሄን የሚያህል ነገር ከውጭ ቢመጣ ከነመላኪያው ስንት እንደሚሆን አስቡት።

«ሐሙስ ነይ» አሉኝ፣ ሐሙስ አልደረሰም፣ «ሰኞ» አሉኝ። ያው መርካቶ ነው። ደረሰኝም የለም፣ ዋስትናም የለም፣ እሱን አውቃችሁ ግቡ።

ስለ ልኩ አንድ ነገር ልበል ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ጸጉራም ውሻ አንገቱ ያታልላል። ከጸጉሩ ላይ ከለካችሁ ኮላሩ መጀመሪያ ጥብቅ ይመስላችኋል፣ ትንሽ ቆይቶ ጸጉሩ ሲተኛ ይላላል፣ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በጆሮው በኩል ሾልኮ ይወጣል። ገላውን ስታጥቡት ለኩት፣ ያኔ ነው እውነተኛው አንገት የሚታየው፣ ካልሆነም ጎፈሩን በጣት ከፍታችሁ የልብስ ሰፊ ሜትር ቆዳው ላይ አሳርፉና ለኩት። ከዛ ኮላሩ ሲታሰር ሁለት ጣት ከጸጉሩ ስር ቆዳው ጋ መግባት አለበት፣ ከጸጉሩ በላይ ያስገባችሁት ጣት አይቆጠርም። ቀዳዳ አምስት አስደርጉ፣ መሀለኛው ላይ ልኩ እንዲመጣ፣ ጸጉሩ ሲበዛም ሲረግፍም ማስተካከያ ይኖራችኋል። ጭንቅላቱና አንገቱ እኩል የሆነ ውሻ ካላችሁ ደግሞ ማርቲንጌል የሚባለውን ፈልጉ፣ ሲሳብ በልክ ጠበቅ ብሎ የሚያቆም ነው፣ እንደ ቾክ ሰንሰለት እስከ መጨረሻው አያንቅም።

እና እንዴት ነው ሲባል፣ በጣም ጥሩ ነው። ጎፈሩ ስር ቋጠሮ የለም፣ በሚዶ ሳበጥረው ማበጠሪያው ሳይዝ ያልፋል፣ ቀልቶ የነበረው ቆዳ ላይ ጸጉር ወጥቷል። ውሻው ራሱ ኮላር ሲያይ ይሸሽ የነበረው አሁን አንገቱን ይሰጣል። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተፈታም። እንከኑንም ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ አካባቢ ደረቅ ነበር፣ ዘለበቱን ለማስገባት ጥርስ ሊያስፈልገኝ ምንም አልቀረው፤ ደግሞ ቡናማ ቀለሙ መጀመሪያ ሲረጥብ ደረቱ ላይ ያለውን ነጣ ያለ ጸጉር አቀለመው፣ ስለዚህ ውሻችሁ ነጭ ከሆነ ያልተቀለመ ቆዳ ጠይቁ። የጫማ ቀለም እንዳትቀቡት፣ ያው ይሄው ነው የሚሆነው።

ቆዳ ከረጠበ አውልቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ ወይ ምድጃ አጠገብ ካደረጋችሁት ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ትንሽ ቅባት ይፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ ቅቤ ቀባሁት አለኝ፣ ጥሩ ነው ቆዳው ለስልሷል፣ ጠዋት ሲነሳ ግን ሁለተኛው ውሻ ግማሹን በልቶታል። ለቆዳ የተሠራ ቅባት ፈልጉ፣ ካልተገኘ ቫዝሊን በስሱ። ማታ ማታ አውልቁለት፣ ጎፈሩም ይተነፍሳል፣ እናንተም በዛ አጋጣሚ በጣታችሁ ስሩን ትዳብሳላችሁ፣ መዥገር የሚደበቀው እዛ ነው። የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት ያለበትን ኮላር የምታደርጉ ከሆነ እሱ ለብቻው ነው፣ ቆዳውን ካልነካ አይሠራም፣ ጸጉሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ብራችሁን ነው የጣላችሁት።

አሁን ይሄ ክቡ ለማን አይሆንም። ቀን ታስሮ ማታ ለሚለቀቅ ውሻ አይሆንም፣ ይሄን ደግሜ እላለሁ ምክንያቱም እኛ አገር አብዛኛው የግቢ ውሻ እንደዛ ነው። ቀጭን ስለሆነ ውሻው ሲጎትት ጉልበቱ በሙሉ ጉሮሮው ላይ አንድ መስመር ላይ ያርፋል፣ አንገት ሲጎተት ደግሞ የመተንፈሻው ቱቦ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ የዓይን ውስጥ ግፊት ራሱ ይጨምራል። ለሚታሰር ውሻ ስፋቱ አራት ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ጠፍጣፋ የበሬ ቆዳ፣ ከስሩ በግ ቆዳ የተለጠፈበት፣ ሰንሰለቱ ላይ ደግሞ የሚሽከረከር መንጠቆ አድርጉ፣ ማታ ሲለቀቅ ኮላሩን አውልቁና አበጥሩት። ዎክ ላይ ለሚጎትት ደግሞ ሃርነስ (አንገቱን ሳይሆን ደረቱን የሚይዘው ማሰሪያ) ይሻላል፣ እሱንም ቤት ስትገቡ ማውለቅ ነው፣ ካልሆነ ብብቱ ስር ያው ቋጠሮ ይጀምራል።

ለቡችላ ግን ቆዳ አታሠሩ። አንገቱ በየጊዜው ያድጋል፣ ጥርሱም ያገኘውን ያኝካል፣ እስኪያድግ ድረስ ርካሹን ናይለን አድርጉለትና በየሳምንቱ ልኩን እዩ፣ ጎፈሩ መውጣት ሲጀምር ያኔ መርካቶ ትወርዳላችሁ።