የሦስት ሰው ወሬ በየትራኩ፦ ዳቪንቺ ሪዞልቭ

ደብረ ብርሃን ላይ ደጅ ወጥቶ ቃለ መጠይቅ የሚቀርጽ ሰው ነፋሱን ያውቀዋል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ማይክ፣ ሁሉም ውስጥ ነፋስ። ለዚህ ሥራ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ዓይኔን ሳላሽ እመክራለሁ፣ ያውም ነፃውን።

ሁለት ማይክ ግራና ቀኝ ሆኖ በአንድ ፋይል ከመጣ፣ ታይምላይን (ቅንብሩ የሚደረደርበት መስመር) ላይ ከማስቀመጣችሁ በፊት ክሊፕ አትሪቢውትስ (የፋይሉ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ስቴሪዮውን ወደ ሞኖ ቀይሩት፤ ያኔ እያንዳንዱ ተናጋሪ የራሱ ትራክ፣ ማለትም ለብቻው የድምፅ መስመር፣ ይኖረዋል። ፌርላይት በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ገጽ ላይ ድምፃቸው ዝቅ ያለውን አባባን ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ሌላው ሲያወራ የሚያስለውን ሰውዬ ደግሞ ከራሱ ትራክ ላይ ቆርጦ መጣል ነው። ጌት የሚባለው መሣሪያ ባለማይኩ ዝም ሲል ማይኩን ራሱ ይዘጋዋል። ግን አታጥብቁት፣ የቃል መጀመሪያ ይበላል፤ በተለይ እንደኛ አገር ሽማግሌ በለሆሳስ የሚጀምር ሰው ላይ ጉድ ይሠራችኋል።

ቅር የሚለኝ፣ ድምፅን ከጫጫታ የሚለየው ቮይስ አይሶሌሽን ያለው ስቱዲዮ በሚባለው በሚከፈልበት ዕትም ላይ ብቻ መሆኑ ነው። 295 ዶላር ለኛ ቀልድ አይደለም! ፕሮግራሙም ከባድ ነው፣ 16 ጊጋ ራም ቢኖር ይመረጣል። ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነ ድምፁን ብቻ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ላይ ጨርሱት፣ እሱም ነፃ ነው።