ተፍትድ የሱፍ ምንጣፍ ከ14 ወር በኋላ፦ ቀለሙ ጸንቷል፣ ጀርባው ያሳስባል

ይህ ግምገማ የሚመለከተው 200 በ300 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሻጮች ተፍትድ የሚሉትን የሱፍ ምንጣፍ ነው። ጸጉሩ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መደቡ የጡብ ቀይ፣ ጠርዙ ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ክሬምና ሰናፍጭ ቢጫ የሆኑ የአበባና የቅጠል ጥለቶች ከዳር እስከ ዳር ተበትነውበታል። የተዘረጋውም በየቀኑ ሰው በሚመላለስበት ሳሎን፣ ከሰፊ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ከ14 ወር በኋላ ነጥብ ይሰጠው ከተባለ፣ ለቀለሙና ለጥለቱ ከፍተኛ፣ ለጸጉሩ መርገፍ መካከለኛ፣ ለጀርባው ዝቅተኛ ነው።

ጀርባውን ማስቀደም ይሻላል። ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን አይቶ ይወስናል፤ የምንጣፉ ዕድሜ ያለው ግን ከኋላ ነው። ተፍትድ ምንጣፍ አይቋጠርም፣ አይሸመንምም። በክፈፍ ላይ በተወጠረ የጥጥ ሸራ ውስጥ፣ እንደ መሰርሰሪያ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የሱፍ ክር ይወጋበታል። ክሩ ሸራውን አልፎ ይታጠፍና ይመለሳል እንጂ ከምንም ጋር አይተሳሰርም። ስለዚህ ከኋላ ላቴክስ የተባለ የጎማ ሙጫ ይቀባል፤ በሙጫው ላይ መረብ መሳይ ጨርቅ፣ በዚያም ላይ ሌላ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፋል። ጸጉሩን በቦታው የያዘው ይህ ሙጫ ብቻ ነው።

ሱቅ ውስጥ ለመለየት አንዱን ጥግ ገለጥ ማድረግ ይበቃል። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ የፊቱ ጥለት ከኋላም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጫፉ ላይ ያለው ዘርፍም የራሱ የድሩ ቅጣይ ነው። ተፍትድ ከሆነ ጀርባው ድፍን ጨርቅ ነው፤ ዘርፍ ቢኖረውም ተሰፍቶ ወይም ተለጥፎ የመጣ ነው። ሻጩ «የእጅ ሥራ ነው» ቢል አልዋሸም፤ መሣሪያውን የያዘው እጅ ነውና። በእጅ መሠራትና በእጅ መቋጠር ግን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1949 በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ስፍራ፣ ከበረዶ መቃብር የወጣው ምንጣፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ወይም በ4ኛው ምዕት ዓመት እንደተሠራ ይገመታል፤ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ሄርሚታዥ ሙዚየም ይታያል። እርግጥ ያቆየው በረዶው ነው፤ ነገር ግን ጸጉሩን የያዘው ቋጠሮ እንጂ የሚደርቅ ሙጫ አይደለም። ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ምንጣፍ የሚፈልግ ሰው ተፍትድ አይግዛ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ተጠቅልሎ ብርድ ላይ የቆየ ምንጣፍ ላቴክሱ ስለሚገረር፣ ወዲያው በኃይል ቢዘረጋ ወይም የተጠቀለለ ጥጉ ወደ ኋላ ቢታጠፍ ሙጫው ይሰነጠቃል። ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንደተጠቀለለ አቆይቶ መዘርጋት ነው። የዚህኛው ሁለት ጥጎች ለ10 ቀን ያህል ከባድ መጽሐፍ ተጭኖባቸው ነው የተኙት። የጎማ ሽታው መስኮት እየተከፈተ በ3 ሳምንት ጠፋ። ሁለት ወር አልፎት አሁንም የሚሸት ከሆነ ላቴክሱ ጥሩ አይደለም፤ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ መመለስ ነው።

ስለ መርገፉ ብዙ ሰው ያማርራል፤ ምክንያቱ ግን ጉድለት አይደለም። ሱፍ ሲፈተል አጫጭር የሱፍ ጭረቶች (ቃጫዎች) በክሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ የጸጉሩ ጫፍ የተቆረጠ በመሆኑ በየእርምጃው ወደ ላይ እየወጡ ይረግፋሉ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ በቫኪዩም ሲሳብ የማሽኑ ማጠራቀሚያ በየጊዜው ይሞላ ነበር። ከ6ኛው ወር ወዲህ በግልጽ ቀነሰ፤ አሁን የሚወጣው ጥቂት ብናኝ ነው። ሲሳብ የቫኪዩሙ የሚሽከረከር ብሩሽ መጥፋት አለበት። ብሩሹ አጭሩን ጭረት ብቻ ሳይሆን ጤነኛውንም ስለሚነቅል፣ «ይህ ምንጣፍ መርገፉን አይተውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ የመጣ ችግር ነው። ከሌሎቹ በላይ ብቅ ያለ ክር ከታየ በመቀስ እኩል ማድረግ እንጂ መጎተት አይገባም፤ የያዘው ሙጫ ብቻ ስለሆነ ተስቦ ይወጣና ራሰ በራ ነጥብ ይተዋል።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የዚህ ምንጣፍ ትልቁ ትምህርት ከምንጣፉ ውጭ ያለው ነው። ነጭ የነበረው ግድግዳ ምንጣፉ በተዘረጋ ማግስት ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ቀዝቃዛ ነጭ መሰለ። ቀለሙ አልተለወጠም፤ ዓይን ነው የተለወጠው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዠን ሸቭረል በፓሪስ የጎብላን ሽመና ማዕከል የማቅለሚያ ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደክሟል የሚል አቤቱታ ቀረበለት። ማቅለሚያውን ቢመረምር ደህና ሆኖ አገኘው፤ ጥቁሩን ያደከሙት ከጎኑ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ፤ ፍሬ ነገሩም አንድ ቀለም ከጎኑ ባለው ላይ ተቃራኒውን ይጥልበታል የሚል ነው። ሰፊ ቀይ መደብ አጠገቡ ያለውን ነጭ አረንጓዴ የሚያስመስለው ለዚህ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ምንጣፉ ላይ ስታርፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዩ ብርሃን ነጥሮ የግድግዳውን ግርጌ ሮዝ ያደርገዋል።

መፍትሔው ምንጣፉን አስቀድሞ ቀለሙን ማስከተል ነው። የግድግዳ ቀለም በፈለጉት ዓይነት ይቀመማል፤ ምንጣፍ አይቀመምም። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ቀብቶ ከምንጣፉ አጠገብ ማቆምና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት ተበርቶ ማየት ያስፈልጋል። በትንሿ የቀለም ናሙና ካርድ መወሰን ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ካርዷ ጠባብ ስለሆነች የምንጣፉን ጫና አታሳይም። ለዚህ ቤት የተስማማው ቢጫ የነካካው ክሬም ነው።

ትራስና መጋረጃ ሲመረጥ የተለመደው ስሕተት የመደቡን ቀይ መድገም ነው። መደቡ ወለሉን ስለሸፈነው ሌላ ቀይ ሲጨመር ክፍሉ ይታፈናል። ከጥለቱ ውስጥ በጣም ጥቂት ቦታ የያዘውን ቀለም መውሰድ ይሻላል፤ እዚህ ሰናፍጩ ነው፤ ሁለት ትራስና አንድ የመብራት ቆብ በቂ ሆነዋል። «60፣ 30፣ 10» የሚባለው የቀለም ድርሻ ደንብ (ለዋናው ቀለም 60፣ ለሁለተኛው 30፣ ለማድመቂያው 10 በመቶ) ለድፍን ምንጣፍ ይጠቅም ይሆናል። አንዱ ምንጣፍ ራሱ አራት ቀለም ይዞ ሲመጣ ግን መቶኛ መቁጠሩ ከንቱ ድካም ነው።

መብራቱም እንደ ግድግዳው ያስቸግራል። የአምፖል ብርሃን ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። 2700 ኬልቪን የሆነ አምፖል ቀዩን ያሞቀዋል፣ ጥቁር ሰማያዊውን ግን ጥቁር ያደርገዋል፤ የጠርዙ ጥለት ማታ ማታ ጠፍቶ ነበር። 4000 ኬልቪን ጠርዙን አወጣው፣ መደቡን ግን አቀዘቀዘው። የተስማማው 3000 ኬልቪን ነው፤ ይህም ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው የቀለም ታማኝነት ቁጥሩ (CRI) 90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች አጠቃላይ ቁጥራቸው 80 ቢሆንም ጥልቅ ቀይን የሚለካው አር9 (R9) የተባለው ቁጥር በጣም ዝቅ ሊል ይችላል። ቀይ ምንጣፍ ያለው ሰው ማሸጊያው ላይ አር9 ከ50 በላይ መሆኑን ቢያይ ይጠቀማል። አምፖል መቀየር ምንጣፍ ከመቀየር ይቀላል።

ሌላው ሳይነገር የሚቀር ነገር የጸጉሩ ዝንባሌ ነው። መዳፍዎን በምንጣፉ ላይ ርዝመቱን ተከትለው ቢያስኬዱ በአንድ በኩል ይለሰልሳል፣ በሌላው ይሻክራል። ጸጉሩ ወደ እርስዎ ካዘነበለ ቀለሙ ጠልቆ፣ ወደ ማዶ ካዘነበለ ፈዝዞ ይታያል። ልዩነቱ ሁለት ምንጣፍ እስኪመስል ድረስ ነው። ከበሩ የሚገባ ሰው ጥልቁን እንዲያይ ከተፈለገ ጸጉሩ ወደ በሩ ማዘንበል አለበት።

የጥለቱ ምርጫ ደግሞ በጣም አዋጥቷል። የተበታተነ ጥለት ጠረጴዛና ሶፋ የትም ቢቀመጡበት አይፈርስም፤ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ያለው ምንጣፍ ግን ጠረጴዛው በ10 ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ክፍሉ የተንሻፈፈ ይመስላል። ቆሻሻና መረጋገጥም በተበታተነ ጥለት ላይ አይታዩም፤ በዚህኛው ሰው በሚበዛበት መተላለፊያ ላይ ጸጉሩ እንደተኛ ማወቅ የሚቻለው በእጅ ሲዳሰስ ነው። ጥለትን በጥለት ላይ ለመደርደር መጠናቸውን ማራራቅ ያስፈልጋል። የምንጣፉ አበባ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መጋረጃው የ2 ሴንቲ ሜትር መስመር፣ ትራሱ በመካከል ያለ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ይስማማሉ። ሁለት እኩያ አበቦች ግን ይጣላሉ፤ ቀለማቸው አንድ ቢሆን እንኳ።

ስለ መጠኑ ብዙ ማለት አያሻም፦ ከመግዛት በፊት ልኩን ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ማስመርና ሁለት ቀን መመላለስ፤ የሶፋው የፊት እግሮች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ምንጣፉ ላይ መውጣት አለባቸው። ከሥር የሚነጠፈው ግን ችላ አይባልም። ከተጠቀጠቀ ጭረት (ፌልት) እና ከጎማ የተሠራ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ፣ ከምንጣፉ ጠርዝ በየጎኑ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ተቆርጦ ነው የተቀመጠው። ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራው ርካሽ መረብ በቫርኒሽ እንጨትና በፕላስቲክ ወለል ላይ የማይለቅ ምልክት ይተዋል፤ ጎማም ፕላስቲክ ወለልን ያቢጫል። ምንጣፉና ንጣፉ ተደምረው 2 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፉ የበሩን ግርጌ ቀድሞ መለካት ነው።

ፀሐይ የነካችው የመስኮቱ በኩል ጥቂት ደብዝዟል። ይህን የሚያውቁት ጸጉሩን በጣት ከፍለው ሥሩን ከጫፉ ጋር ሲያስተያዩ ነው፤ ሥሩ የጥንቱን ቀይ ይዟል፣ ጫፉ ፈዝዟል። በየ6 ወሩ 180 ዲግሪ ማዞሩ መደብዘዙን አያስቀርም፤ እኩል ያደርገዋል። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ፊልም አልትራቫዮሌት የተባለውን የማይታይ ጨረር ቢያግድም የሚታየው ብርሃን ራሱ ቀለም ስለሚያነጣ፣ ቀትር ላይ መጋረጃ መጋረድ የበለጠ ይሠራል።

በ14 ወር ውስጥ ቡና ሁለት ጊዜ ፈሶበታል፤ ሁለቱም ወጥተዋል። ሱፍ ላዩ ላይ ባለው የተፈጥሮ ቅባት ፈሳሽን ለጥቂት ጊዜ ስለሚያንሳፍፍ የመጀመሪያው ደቂቃ ወርቅ ነው። በነጭ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ እንጂ ማሸት የለም፤ ከዳር ወደ መሃል። ቀጥሎ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ የሱፍ ሳሙና፣ ጨርቁን ነከር አድርጎ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ፤ ከዚያ ደረቅ ፎጣ ደርቦ ክብደት ጭኖ ማሳደር። ሳሙና ከቀረበት ቦታው አቧራ እየሳበ ከበፊቱ ይብሳል። ክሎሪን ያለው ማንጪያ ሱፍን ያሟሟል። ኢንዛይም ያለው የልብስ ሳሙናም ፕሮቲን በሊታ ነው፤ ሱፍ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ቤኪንግ ሶዳ የሚመክሩ ብዙ ናቸው፤ ዱቄቱ ግን ከጸጉሩ ሥር ገብቶ ለማውጣት ስለሚያስቸግር አይመከርም። የሶፋ እግር ያሰመጠውን ቦታ ለማንሣት ርጥብ ጨርቅ ደርቦ የካውያ እንፋሎት ሳያስነኩ ማሳለፍና በጣት ማበጠር በቂ ነው።

ብል የሚገባው ሰው በሚረግጠው በኩል ሳይሆን ከሶፋው ሥር፣ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ነው። የሚበላው የምትበረው ቢራቢሮ ሳትሆን ትሉ ነው። ምልክቱ የተላጠ ቦታ፣ ነጭ የሐር ቱቦና የምንጣፉን ቀለም የያዘ አሸዋ መሳይ ኩስ ነው፤ ቀይ ሱፍ ከበላ ኩሱም ቀይ ነው። በየ3 ወሩ ሶፋውን አንሥቶ ከላይም ከሥርም መሳብ እስካሁን በቂ ሆኗል።

አሁን ወደ ጀርባው እንመለስ። በ14ኛው ወር ምንጣፉ ተገልብጦ ሲታይ በመስኮቱ በኩል ባለው ጥግ፣ ከሥር ንጣፉ ላይ ጥቂት ቢጫማ ዱቄት ተገኝቷል። ላቴክስ ሲያረጅ ሙጫው ይደርቅና በውስጡ ካለው የኖራ ድንጋይ ዱቄት ጋር ይፈረፈራል፤ ሙቀት፣ ፀሐይና እርጥበት ያፋጥኑታል። ወለሉ ከሥር የሚሞቅበት ቤት ለዚህ ዓይነት ምንጣፍ አይሆንም። የቤት እንስሳ በተደጋጋሚ የሚሸናበትም እንዲሁ፤ ሽንቱ ከሙጫው በታች ከገባ ጨርቁን ሳይገነጥሉ ማጽዳት አይቻልም። ዱቄቱ ገና እፍኝ አይሞላም፣ ጸጉሩም አልላላም፤ ቦታው በየ6 ወሩ ይታያል። አጣቢ ሲጠራ የመጀመሪያው ቃል «ተፍትድ ነው» መሆን አለበት፤ ውሃ ውስጥ እንዳይዘፈዘፍ፣ በጥቂት እርጥበት ከላይ ብቻ እንዲታጠብና በ24 ሰዓት ውስጥ በንፋስ እንዲደርቅ፣ ጠፍጣፋ እንጂ ተንጠልጥሎ አይደለም።