ሻማ ለኩሶ ቤቴን ለዞረው ባለሙያ

የቤታችንን ሙቀትና መብራት ላስተካከለልን ልጅ ይህን ምስጋና ለመጻፍ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ጠብቄያለሁ። ቸኩዬ አመስግኜ በኋላ እንዳላፍር ብዬ ነው። አሁን በረዶው አልፏል፤ ቤቱም ደህና ነው፣ እኛም ደህና ነን። ስለዚህ አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራ ወጪዎች የሚያድሩባት ትንሽ ማረፊያ አለችን። መኪና አይደርስም። የመብራት መስመር የለም። ናፍጣውም፣ ምስማሩም በበቅሎ ነው የሚመጣው። አንድ ጀሪካን እዚህ እስኪደርስ በቅሎውም ነጂውም ያልቃሉ።

ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ጊዜ ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያዎቹ በስልክ "ስንት ክፍል ነው?" ብለው ብቻ ሶላር ሸጡልኝ። ፓነሎቹን ጣሪያው ላይ አጋድመው ገጠሙ። ባትሪዎቹን ውጭ ያለችው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ደረደሩ። በረዶው ሲወርድ ፓነሎቹ ተቀበሩ፤ ባትሪዎቹ በብርዱ ደከሙ። ስደውል "ተራራ ላይ መሆኑን መቼ ነገሩን?" አሉኝ። ነግሬያቸው ነበር! ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳትም ተዉ። ሌላው መጣና "መፍትሄው ትልቅ ጄኔሬተር ነው" አለኝ። አምኜው ገዛሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት እንደሚቀንስ ትንፍሽ አላለም። ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል፣ ናፍጣ ይጠጣል፣ ክፍሎቹ ግን አይሞቁም። እንግዶቼ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ሲተኙ እያየሁ ስንት ቀን አፈርኩ። ቤቱን ልዘጋው ወስኜ ነበር። "አንድ ሰው ብቻ ደግሞ እንሞክር" ያለችው ባለቤቴ ናት። እሷንም አመሰግናለሁ።

ልጁ በእግሩ ወጥቶ መጣ። ገና ትንፋሹ ሳይመለስ "ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ ማደር እችላለሁ?" አለኝ። ሌሊት ንፋሱ ሲነሳ ሻማ ለኮሰ። በየመስኮቱ፣ በየበሩ ስር፣ ጣሪያውና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ሁሉ ያስጠጋዋል። ነበልባሉ ዘንበል ባለ ቁጥር በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከኋላው እከተላለሁ። ሲጨርስ ግድግዳው በጠመኔ ተሞልቶ ነበር። "አዩ ጋሼ? ናፍጣዎ ተራራውን ነው የሚያሞቀው" አለኝ። ቀጥሎም "አሁን ምንም አይግዙ፤ መጀመሪያ ይህን እንድፈን" አለ።

እስኪ አስቡት! ሥራ ፈልጎ ያን ሁሉ ዳገት የወጣ ሰው "አይግዙ" ሲል! እንባዬ መጥቶ ነበር።

ቀዳዳው ተደፈነ። ከጣሪያው ስር የሙቀት መከላከያ ተነጠፈ። መግቢያው ባለ ሁለት በር ሆነ። ወደ ሶላሩ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ያሉትን ፓነሎች እንኳ አላስጣለኝም፤ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አቁሞ ገጠማቸው። አሁን በረዶ አይቀመጥባቸውም። ከመሬቱ በረዶ የሚያንጸባርቀው ብርሃንም ይደርሳቸዋል። ብርድ ፓነልን አይጎዳም፣ ባትሪን ግን ያደክማል ብሎ ባትሪዎቹን ወደ ቤት አስገባ። ስለ ቮልቱና ስለ ሽቦው ብዙ አስረድቶኛል፤ እሱ አልገባኝም። መብራቱ ግን አንድም ምሽት አልጠፋም።

የውሃውን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በረዶ በእሳት እያቀለጥን ነበር የምንጠቀመው። በረዶን ውሃ ለማድረግ ብቻ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚፈጀው ጋር እኩል ነው ሲለኝ ደነገጥኩ። ስንት ናፍጣ ነው ያቃጠልነው! አሁን ቀን ቀን ፀሐይዋ ራሷ ጥቁር ቆርቆሮ ላይ ታቀልጠዋለች፤ ውሃው ወደ በርሜል ይወርዳል።

ስዊዘርላንድ ውስጥ 2,883 ሜትር ላይ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተውን የሞንቴ ሮዛ ማረፊያ ፎቶ በስልኩ አሳይቶኛል። ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ሶላሩ ፀሐይ ወደሚመታው ግድግዳ ገብቶ ተሠርቷል። "የእርስዎም ቤት ያው ነው ጋሼ፤ ፀሐይዋ አንድ ናት" አለኝ። የእኔን ጎጆ ከዚያ ጋር አስተካክሎ ሲናገር ደስታዬን አልችለውም።

ሥራው አልቆ፣ ሂሳቡም ተከፍሎ ካለቀ በኋላ፣ ከባድ ዐውሎ ሦስት ቀን ዘጋብን። ሳልደውልለት ራሱ ደወለ። "ባትሪው ስንት ይላል? እናንተስ እንዴት ናችሁ?" አለ። በወቅቱ ሁሉ ጄኔሬተሩን ያስነሳነው በእነዚያ ሦስት ቀናት ብቻ ነው።

ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ተራራ ላይ ማረፊያ ያላችሁ፣ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። እንደኔ ሁለቴ እስክትቃጠሉ አትጠብቁ። እሱን ጥሩት። ደግሜ እላለሁ፣ እሱን ጥሩት! ሲመጣ አንድ አልጋ ብቻ አዘጋጁለት፤ ማደሩ አይቀርም።