ዊልቸር ለተበላሸባችሁ፦ የቱሉ ዲምቱውን ጎሚስታ ልጠቁማችሁ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ቤታችሁ ዊልቸር ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ይጠቅማችኋል።

ሰውየው ጎሚስታ ነው። የሚሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከባድ መኪኖች ተደርድረው በሚያድሩበት በኩል ነው። አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ በሩ ላይ የተከመረ አሮጌ ጎማ። ስታልፉ ልዩ ነገር አታዩበትም። ስሙን እንድጽፍ አልፈቀደልኝም። "ሥራውን ይጻፉ እትዬ፣ ስሜ ግን ይቅር" አለኝ። ቃሌን እጠብቃለሁ።

እንዴት እንደተዋወቅን እንድትረዱኝ ስለ ክለባችን ትንሽ ልበል።

የበጎ አድራጎት ክለባችን ትንሽ ናት። እዚሁ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ነን፤ አስተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ጡረተኛ፣ ባለ ሱቅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው በእጄ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን። ብዙ ሰው "በየሳምንቱ ምን ትባባላላችሁ?" ይለናል። እኔ ግን ክለቡን ያቆመው ይሄ ሐሙስ ነው ባይ ነኝ። በወር አንዴ ብንገናኝ ኖሮ የጎረቤት መታመም የምንሰማው ከዳነ በኋላ ነበር። ሐሙስ የቀረ ሰው ዓርብ ጠዋት ይደወልለታል። "ለምን ቀረህ?" ሊባል አይደለም። "ደህና አደርክ?" ሊባል ነው።

ልማዱን ያመጡልን ሊቀመንበራችን ናቸው። በወጣትነታቸው መሀል ከተማ ካለ የሮታሪ ክለብ ጋር ሠርተዋል፤ ሮታሪ በዓለም ዙሪያ ክለቦች ያሉት የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ሮታሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ፖል ሃሪስ በተባለ ጠበቃ ሲጀመር አባላቱ ቋሚ መሰብሰቢያ አልነበራቸውም። በየአባሉ ቢሮ በተራ እየዞሩ ይገናኙ ነበር፤ ስሙም የወጣው ከዚያ መዞር ነው። ይህን ሲነግሩን አንዷ አባላችን "እንግዲያው የእኛው ጽዋ ማኅበር ነዋ!" አለች። እውነቷን ነው። እኛም ስንጀምር በየቤቱ ነው የዞርነው። ባለተራ ቡና ያፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ልጆች ከሶፋው ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። አሁን ዕድሩ አዳራሹን በነጻ ሰጥቶናል። የዕድሩን ዳኛና ገንዘብ ያዥም በዚሁ ላመስግን። ወንበርም ሆነ መብራት ሰስተውን አያውቁም።

ስብሰባው ሲከፈት ከዚያው ከሮታሪ የወሰድናቸው አራት ጥያቄዎች ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ1932 ኸርበርት ቴይለር የተባለ ነጋዴ ሊከስር የደረሰ ድርጅት ለማዳን ብሎ ያሰናዳቸው ናቸው። የምንለውና የምናደርገው እውነት ነው ወይ? ለሁሉም ፍትሐዊ ነው ወይ? ወዳጅነትን ያጠናክራል ወይ? የሚመለከታቸውን ሁሉ ይጠቅማል ወይ? አራተኛዋን ለረጅም ጊዜ አንብቤ አልፋት ነበር። ቆም ብዬ ያሰብኩባት አምና ነው።

አምና ሰባት ያገለገሉ ዊልቸሮች ተለገሱልን። አጠብን፣ ወለወልን፣ አዳራሹ ውስጥ ደረደርን። ርክክብ ተደረገ። ፎቶ ተነሣን። ተጨበጨበ። ያን ዕለት የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ "ሰባት ዊልቸር ለሰባት ሰው ተሰጥቷል። ሥራው ተጠናቋል።"

ከአራት ወር በኋላ ከተቀበሉት አንዷ፣ አንዲት እማማ ቤት ልንጠይቃቸው ሄድን። እማማ አልጋ ላይ ናቸው። ዊልቸሩ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል። እሳቸው "ልጆቼ፣ ጥሩ ነው እኮ፣ እግዜር ይስጥልኝ" እያሉ ይመርቁናል። እውነቱን የነገረችን ልጃቸው ናት፤ እሷም በር ድረስ ልትሸኘን ስትወጣ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የኋላ ጎማው ፈነዳ። የፊቷ ትንሿ ጎማ አልዞር አለች። "ለምን አልነገራችሁንም?" አልናት። "ተሰጥቶን እንዴት እናማርራለን?" አለች።

ያን ሐሙስ ሌላ አጀንዳ አልያዝንም። ሰባቱንም ቤት እንድንዞር ተወሰነ። ዞርን። አራቱ ዊልቸሮች ቆመዋል።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድናቸው፤ "ይሄማ አይጠገንም፣ አዲስ ግዙ" አለን። ሌላው ተቀብሎ አምስት ሳምንት አስቀመጠና ሳይነካቸው መለሰልን። ያን ጊዜ ነው ባጃጅ የሚነዳው አባላችን "የእኔን ጎማ የሚሠራ ልጅ አለ፤ እሱ ይየው" ያለው። የባጃጅ ጎማና ዊልቸር ምን አገናኛቸው ብዬ ነበር በልቤ።

ጎሚስታው ወንበሩን ከመንካቱ በፊት ጠየቀ። ማን ነው የሚቀመጥበት? ምን ያህል ይከብዳሉ? በየት በኩል ነው የሚሄዱት፣ በአስፋልት ነው በኮብልስቶን? እኛ ይህን ሁሉ ሳንጠይቅ ነበር የሰጠነው። ከዚያ ዊልቸሩን ገለበጠና የፊቷን ጎማ ፈታ። ከመሀሏ የተጠመጠመ ፀጉርና ክር ወጣ። ኩሽኔታዋ በአቧራ ደርቋል። አጠባት፣ ግራሶ ቀባት፣ መልሶ ገጠማት። ዞረች። ቡና አዝዘን ቡናው ሳይመጣ ሥራው አለቀ።

የኋላው ጎማ ግን ከባድ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዊልቸር ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ነገር ነው። ጎማው ላይ 24 ተብሎ ተጽፏል፤ በኢንች መሆኑ ነው። እኛም ቀደም ብለን 24 የሚል የብስክሌት ጎማ ገዝተን እምቢ ብሎን ነበር። "24 የሚል ሁሉ አንድ አይደለም" አለን። በብዙ ዊልቸሮች ላይ የሚገኘው ባለ 24 ጎማ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ልክ ከዳር እስከ ዳር 540 ሚሊ ሜትር ነው። የተራራ ብስክሌቱ 24 ደግሞ 507 ነው። ልዩነቱ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ግን አይገባም። የጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ቁጥር 37-540 ወይም 50-507 ተብሎ ይጻፋል፤ ልኩ ከሰረዟ በኋላ ያለው ነው። ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አንብቡ። እኛ ሳናነብ ገንዘባችንን አባክነናል።

የዊልቸሩ ዓይነት ጎማ በሰፈራችን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። የብስክሌቱ ግን ሞልቷል። ስለዚህ የመንኮራኩሩን እምብርት አስቀርቶ ቸርኬውን በብስክሌት ቸርኬ ቀየረው። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች አሳጥሮ አንድ በአንድ ወጠራቸው። በእጅ የሚገፋውን ክብ ብረት አዲሱ ቸርኬ ላይ በብሎን አሰረው። ጎማው ስለወፈረ ከወንበሩ ጎን ጋር እንዳይፋተግ ሮንዴላ ጨመረበት፣ ብሎኑንም በረጅም ተካው። ሲጨርስ ዊልቸሩ ከመጀመሪያው የተሻለ ሆነ። ቀጭኑ ጎማ በኮብልስቶኑ መሀል እየገባ ይይዝ ነበር፤ ወፍራሙ ላዩን ይሄዳል። ነገ ቢፈነዳም ጎማውም ካላማዳሪውም የብስክሌት ዕቃ ያለበት ሱቅ ይገኛል።

ዋጋውን የነገረን ገና ሳይጀምር ነው። የዕቃውን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ፣ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ። ከዕቃው የተረፈውን ብር ከነደረሰኙ መለሰ። ሊቀመንበራችን "ልጄ፣ ይሄ እንግዲህ የበጎ አድራጎት ነው፤ የእጅህን ብትተውልን?" አሉት። "ግማሹን እተዋለሁ አባቴ፤ ሙሉውን ግን አልተውም" አለ። እውነት ለመናገር ቅር ብሎን ነበር። ቀጥሎ ምክንያቱን ነገረን። "ከከፈላችሁኝ ሲበላሽ መጥታችሁ ትወቅሱኛላችሁ። በነጻ ከሠራሁት ቢበላሽም አፍራችሁ ትተዉታላችሁ።"

የእማማ ልጅ ትዝ አለችኝ። "ሥራው ተጠናቋል" ያልኩበት ቃለ ጉባኤዬም ትዝ አለኝ።

በወር አንዱን ሐሙስ እንግዳ እንጋብዛለን። እስከዚያ ድረስ የመጡት ሐኪም፣ የሕግ ባለሙያ፣ የወረዳ ኃላፊ ነበሩ። ጎሚስታውን ስንጋብዘው "እኔ ንግግር አልችልም" ብሎ ሁለቴ እምቢ አለ። በሦስተኛው መጣ። ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ በፌስታል አንዲት የፊት ጎማ ይዟል። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፈ፣ ጎማዋን ፈታት፣ "አሁን እናንተ ግጠሟት" አለን። ጡረተኛው፣ ተማሪዎቹ፣ ባለ ሱቋ፣ እየተቀባበልን ፈታን፣ ገጠምን። ካቻቢቴ በእጄ ይዤ የማላውቀው እኔ እንኳ ገጠምኳት። ስትዞርልኝ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ "ከመሀላችሁ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ መንገድ የወጣ አለ?" አለ። ማንም አልነበረም። ሰባት ዊልቸር ያከፋፈልነው ሰዎች ነን እንግዲህ። ተራ በተራ አስቀመጠንና ከአዳራሹ እስከ ዋናው መንገድ በገዛ እጃችን እየገፋን እንድንሄድ አደረገ። ሊቀመንበራችን የውሃ መውረጃዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደፊትም የለም፣ ወደኋላም የለም። እኔ ስመለስ የአዳራሹ ደረጃ ሥር ቀረሁ። ሦስት ደረጃ ናት፤ በየሳምንቱ ሳላያት የምወጣት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ይህን የሕግ ባለሙያው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነግሮናል፤ እኔም ጽፌዋለሁ። ደረጃዋ ግን ሁለታችንንም ሰምታ እዚያው ነበረች።

በሳምንቱ አሸዋና ሲሚንቶ ተዋጣ። ከዕድሩ ጋር ሆነን ከደረጃው ጎን መወጣጫ ሠራን። ልኩን የነገረን አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ነው፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት። ደረጃው 45 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን መወጣጫው 5 ሜትር ተኩል ገደማ ረዘመ። "ይሄን ያህል ምን ያደርጋል፣ ቦታ ፈጀ" ያሉ ነበሩ። ቀጥ ያለ ቢሆን ሰው ገፊ ካልመጣለት አይወጣውም።

አሁን ሐሙስ የመጀመሪያው አጀንዳ "ጎማ" ይባላል። እያንዳንዱ ዊልቸር የሚከታተሉት ሁለት አባላት አሉት። በየ15 ቀኑ ቤቱ ይሄዳሉ። ጎማውን በአውራ ጣት ይጫናሉ፣ ፍሬኑን ይሞክራሉ፣ ከፊቷ ጎማ ፀጉር ይለቅማሉ። ነርሷ አባላችን ደግሞ የሰውየውን ቆዳ ታያለች። ሰውነቱ የማይሰማው ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ ሲውል ሳያውቀው ይቆስላል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በእጁ ተደግፎ ከመቀመጫው ብድግ ማለት አለበት። ጎሚስታው ስለ መቀመጫው ፍራሽ ስንጠይቀው "እሱ የእኔ አይደለም፣ ለሲስተር ተዉት" ነው ያለን። የማያውቀውን አይነካም። ይህንንም እወድለታለሁ።

መወጣጫው በደረቀ በመጀመሪያው ሐሙስ እማማ መጡ። በእጃቸው እየገፉ፣ ልጃቸው ከኋላ ነጠላቸውን ይዛ። እኛ ተነሥተን እልል ልንል ስንል በእጃቸው አስቆሙን። "ጎማ" የሚለው አጀንዳ ሲነበብ "እኔም የምናገረው አለኝ" አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። "የግራው ፍሬን ላላ ብሏል። ቁልቁለት ላይ ያስፈራኛል። ይታይልኝ።" ጻፍኩት። ከምስጋናቸው ሁሉ ይልቅ ያቺን አቤቱታ ነው ደስ እያለኝ የጻፍኳት።

አሁን ወደ ጥቆማው። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅዶልኛል። ሥራ ላይ ሲሆን ስልክ አያነሣም፤ አትቀየሙት፣ ማታ ይደውላል። መብራት ከጠፋ ብየዳው ስለሚቆም ቀድማችሁ ጠይቁት። ከሰሚትና ከአያት ድረስ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ለኋላ ጎማና ለፊቷ ትንሿ ጎማ ብቻ ከሆነ በአንድ ቀን ይመለሳሉ፣ ቸርኬ የሚቀየር ከሆነ ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል። ዋጋውን በካርቶን ይጽፍላችኋል፤ ካርቶኗን አትጣሏት፣ ሲበላሽ እሷን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ከተቻለ ደግሞ የሚቀመጥበትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የእግር ማሳረፊያውንና የወገቡን ልክ ባለቤቱ ሳይኖር አይለካም።

ወንድማችን፣ ይህን ካነበብክ፣ እጅህ ይባረክ። የእማማን የግራ ፍሬን በማግስቱ ዓርብ ራስህ ቤታቸው ሄደህ አጥብቀሃል። ትናንት ሞክሬዋለሁ፤ ይይዛል።