የማይንክራፍት ኢንቬንተሪ እና ቁልፎች፦ አቅሙ አለ፣ የሚነግራችሁ የለም

ማይንክራፍት በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋችን ከጭራቁ በላይ የሚያማርረው ቦርሳው፣ ማለትም ኢንቬንተሪው፣ ነው። ዋሻ ውስጥ ገብታችሁ አልማዝ ስታገኙ ቦታ የለም፤ የት ሄደ ቢባል ኮብልስቶን (ተራ ድንጋይ)፣ አፈር፣ ጠጠር እና ሦስት ዓይነት ዘር ተቀምጠውበታል። ይህ ግምገማ በዋናነት በኮምፒውተር የሚጫወተውን ጃቫ ኤዲሽን ይመለከታል፤ በስልክም የሚጫወተው ቤድሮክ ኤዲሽን ወደ መጨረሻው አካባቢ ይመጣል። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ የዕቃ አያያዙ ሥርዓት ከብዙ ጨዋታዎች የተሻለ ነው። ችግሩ ጨዋታው ግማሹን እንኳ አለማስተማሩ ነው፤ ሲጫን ይዟቸው የሚመጣው ቁልፎችም ሁለት ሦስት ቦታ ላይ በግልጽ ያለቦታቸው ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ተጫዋቹ 36 ቦታ አለው፤ 27ቱ ቦርሳው ውስጥ፣ 9ኙ ከስክሪኑ ግርጌ ሁልጊዜ በሚታየው ሆትባር ላይ። ጥሩር የሚለበስባቸው 4 ቦታዎች እና በ2016 በስሪት 1.9 የተጨመረው የሁለተኛ እጅ ቦታ ለብቻቸው ናቸው። አብዛኛው ብሎክ በአንድ ቦታ እስከ 64 ይደራረባል፤ ተጫዋቾች ስታክ የሚሉት ይህንን ነው። ኢንደር ፐርል፣ የበረዶ ኳስ፣ እንቁላል እና ባዶ ባልዲ 16 ላይ ይቆማሉ። መሣሪያ፣ ጥሩር፣ ፖሽን፣ አልጋ፣ ጀልባ እና ውሃ የተሞላ ባልዲ ጭራሽ አይደራረቡም። ስለዚህ 10 ባዶ ባልዲ አንድ ቦታ ይይዛል፤ ውሃ ሲሞላበት 10 ቦታ ይበላል። ቦርሳውን ቶሎ የሚሞላው የዓይነት መብዛት ነው፤ 2,304 ኮብልስቶን ያለችግር ይገባል፣ 37ኛ ዓይነት ዕቃ ግን ደጅ ይቀራል።

ከመሬት የሚነሳ ዕቃ የት እንደሚገባ ማወቅ ብዙ ብስጭት ያስቀራል። ጨዋታው በመጀመሪያ ያልሞላ ተመሳሳይ ስታክ ይፈልጋል። ካጣ ሆትባሩን ከግራ ወደ ቀኝ ያያል፤ እዚያም ባዶ ከሌለ ወደ ቦርሳው የላይኛው ረድፍ ይሄዳል። ሆትባር ላይ አንድ ባዶ ቦታ ከተዋችሁ እንግዲህ መጀመሪያ የቆፈራችሁት አፈር እዚያው ይሰፍራል፤ ለምግብ ያሰባችሁትን ቁልፍ ስትጫኑ እጃችሁ ላይ የምታገኙት አፈር ነው። ከቤት ስትወጡ 9ኙንም ሙሏቸው፤ የምታስቀምጡት ባይኖር እንኳ ችቦ ወይም ጥቂት ብሎክ ይግባበት። ከሳጥን በሺፍት ክሊክ (ሺፍት ተጭኖ ክሊክ በማድረግ) ስታወጡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሞላሉ ከሆትባሩ ቀኝ ጫፍ ይጀምራል። 9ኛው ቦታ ላይ ያልጠራችሁት እንግዳ የሚበዛው ለዚህ ነው።

በኢ ቁልፍ ቦርሳው ከተከፈተ በኋላ ያለው የማውስ ሥራ የሥርዓቱ ምርጥ ክፍል ነው፤ ጨዋታው ስለ እሱ አንድ ቃል አለመተንፈሱ ያስገርማል። ግራ ክሊክ ስታኩን በሙሉ ያነሳል፣ ቀኝ ክሊክ ግማሹን። አንድ ስታክ አንስታችሁ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ ካደረጋችሁ አንድ ፍሬ ብቻ ይቀመጣል። ግራውን ተጭናችሁ በብዙ ቦታዎች ላይ ብትጎትቱ የያዛችሁት በእኩል ይከፋፈላል፤ ቀኙን ተጭናችሁ ብትጎትቱ በየቦታው አንድ አንድ ይጥላል። ምድጃ መሥራትን እንውሰድ። 64 ኮብልስቶን አንሱ፤ በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ መሐሉን ትታችሁ ዙሪያውን ባሉት 8 ቦታዎች ላይ በግራ ጎትቱ፤ በየቦታው 8 ይደርሳል። ከዚያ ውጤቱ ላይ ሺፍት ክሊክ ስታደርጉ 8 ምድጃ በአንዴ ቦርሳ ይገባል። ከ2017 ጀምሮ ያለው የአሠራር መጽሐፍም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ምርጫው ላይ በሺፍት ክሊክ ካደረጋችሁ በያዛችሁት ጥሬ ዕቃ የሚቻለውን ያህል ይደረድርላችኋል።

ሁለቴ ክሊክ ተበታትኖ ያለውን ተመሳሳይ ዕቃ እስከ 64 ድረስ አንድ ላይ ይሰበስባል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ወጥመድም አለበት፤ ሳጥን ተከፍቶ ከሆነ ከሳጥኑም ይለቅማል። አንድን ዓይነት ብቻ በሙሉ ወደ ሳጥን ለማስገባት ሌላ ዘዴ አለ። ማውሱ ላይ ማንኛውንም ሌላ ዕቃ አንሱ፣ ሺፍት እንደተጫናችሁ ልታዛውሩ የፈለጋችሁት ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፤ ያ ዓይነት ባለበት ሁሉ ተነቅሎ ይሄዳል። ከማዕድን ቁፋሮ መልስ አሥር ስታክ ኮብልስቶን ለማራገፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ማውሱን አንድ ዕቃ ላይ አድርጋችሁ ከ1 እስከ 9 ያለ ቁጥር ብትጫኑ ደግሞ ዕቃው ከዚያ የሆትባር ቦታ ጋር ይቀያየራል፤ የኤፍ ቁልፍ በስሪት 1.16 እና ከዚያ ወዲህ ወደ ሁለተኛው እጅ ይልከዋል።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ትልቁ ስህተት የኪው ቁልፍ ነው። ኪው በእጅ የያዛችሁትን ዕቃ ይጥላል፤ የተቀመጠው ግን ወደፊት ከሚያራምደው ደብሊው አጠገብ ነው። ኮንትሮል እና ኪው አንድ ላይ ሲጫኑ ስታኩ በሙሉ ይወረወራል፤ ኮንትሮል ደግሞ የመሮጫ ቁልፍ ነው። እየሮጠ ጣቱ የሳተ ሰው 64 ዳቦ ገደል ውስጥ ይለቃል፤ ላቫ አጠገብ ከሆነ ሰይፉን ይሰናበታል። ስለዚህ ጨዋታውን እንደጫናችሁ ከአማራጮች ወደ መቆጣጠሪያ፣ ከዚያም ወደ ቁልፎች ምደባ ገብታችሁ ዕቃ መጣያውን ከደብሊው ወደ ራቀ ቁልፍ ውሰዱት። ሁለት ተግባር አንድ ቁልፍ ላይ ከተጋጩ ጨዋታው በቀይ ያሳያችኋል።

ሁለተኛው ችግር ቁጥሮቹ ናቸው። ግራ እጅ በመራመጃዎቹ ላይ እያለ ከ1 እስከ 5 ይደርሳል፤ 6፣ 7፣ 8 እና 9 ግን እጅን ከቦታው ያነሳሉ፣ ውጊያ ላይ ደግሞ ያ ያስመታል። ሰይፍ፣ ብሎክ፣ ምግብ፣ ውሃ ባልዲ እና ዶማ ከ1 እስከ 5 ይሁኑ፤ መጥረቢያ፣ አካፋ እና ችቦ ወደ ቀኝ ይሂዱ። ቀሪዎቹን ቁጥሮች ወደ አር፣ ቪ እና ዚ ማዛወር ወይም በማውስ የጎን ቁልፎች መተካት ይቻላል። በማውስ ጎማ ማሽከርከር ለግንባታ ይበቃል፤ ለውጊያ አይሆንም፣ አንድ ቦታ ማለፍ ቀላል ነውና። በላፕቶፕ መዳሰሻ የምትጫወቱ ደግሞ በማውስ ማስተካከያው ውስጥ ጎማው አንድ በአንድ እንዲቆጥር የሚያደርገውን አማራጭ ክፈቱ፤ አለበለዚያ ትንሽ የጣት ንቅናቄ ሦስት አራት ቦታ ያዘልላል።

የማጎንበሻው ቁልፍ ሺፍትም የራሱ ጣጣ አለው። ዊንዶውስ ላይ አምስት ጊዜ በተከታታይ ሲጫን የሚለጠፉ ቁልፎችን ልክፈት ወይ የሚል መስኮት ይመጣና ከጨዋታው ያስወጣል፤ ያንን ከዊንዶውሱ ማስተካከያ አጥፉት። በድልድይ ሥራ ሺፍትን ረጅም ጊዜ ተጭኖ መያዝ ጣት የሚያደክማችሁ ከሆነ ማጎንበስን አንዴ በመጫን እንዲበራና እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው እጅ በአግባቡ ካልተያዘ ያናድዳል። ደንቡ ቀኝ ክሊክ መጀመሪያ በዋናው እጅ ያለውን ይሞክራል፣ እሱ ሥራ ካጣ ወደ ሁለተኛው ያልፋል የሚል ነው። ዶማ በዋናው፣ ችቦ በሁለተኛው ከያዛችሁ ድንጋይ ላይ ቀኝ ክሊክ ችቦ ይተክላል፤ ለዋሻ ከዚህ የተሻለ አደራደር የለም። በዶማው ቦታ መጥረቢያ ሲገባ ግን ነገር ይበላሻል፤ ግንድ ላይ ቀኝ ክሊክ ልጡን ይልጠዋል። አካፋ ሣሩን መንገድ ያደርገዋል። ከእንጨት የተሠራ ቤት ውስጥ ችቦ ስትተክሉ መጥረቢያውን ከእጅ አውጡ። በተቃራኒው ሳጥን ላይ ወይም ምድጃ ላይ ብሎክ መለጠፍ የፈለገ ሰው ሺፍት ተጭኖ ቀኝ ክሊክ ያድርግ፤ ያለዚያ ሳጥኑ ይከፈታል። የማውሱ መሐል ቁልፍም እንዳይረሳ፤ የምታዩትን ብሎክ ቦርሳ ውስጥ ካለ ወደ እጅ ያመጣዋል፤ ግድግዳ ስትጠግኑ መፈለግ ቀረ ማለት ነው።

ቦታ ለመጨመር ሦስት መንገድ አለ። በጊዜ የመጨረሻው፣ ለጀማሪ ግን የመጀመሪያው፣ ባንድል የሚባለው ትንሽ ከረጢት ነው፤ በ2024 መጨረሻ አካባቢ በይፋ ገባ። አንድ ክር ከላይ፣ አንድ ቆዳ ከሥር፣ አበቃ። በውስጡ የተለያየ ዓይነት ዕቃ ቀላቅሎ በድምሩ እስከ 64 ይይዛል። ሒሳቡ ግን ይታወቅ፤ 16 የሚደራረብ ዕቃ እያንዳንዱ እንደ 4 ይቆጠራል፣ የማይደራረብ ሰይፍ ደግሞ ብቻውን ባንድሉን ይሞላዋል። ስለዚህ ባንድል ለዘር፣ ለአበባ፣ ለአጥንት እና ለቁርጥራጭ ነው፤ መሣሪያ ለመሸከም አይረዳም። እጅ ላይ ይዛችሁ ቀኝ ክሊክ ካደረጋችሁ ውስጡ ያለውን መሬት ላይ ይዘረግፋል፤ ይህን ገደል አፋፍ ላይ አትሞክሩት።

ሹልከር ቦክስ የተባለው ተንቀሳቃሽ ሳጥን 27 ቦታ አለው፣ ሲፈርስም ዕቃውን እንደያዘ ይነሳል። ሹልከር ከተባለው ጭራቅ በሚገኝ ሁለት ቅርፊት እና በአንድ ሳጥን ይሠራል፤ ቅርፊቱ ያለው ኢንድ በተባለው የዘንዶው ዓለም ውስጥ ስለሆነ ዘንዶውን ካሸነፋችሁ በኋላ የሚመጣ ነው። ኢንደር ቼስት ሌላ ነገር ነው፤ የትም ብትተክሉት የሚከፈተው የራሳችሁ 27 ቦታ ነው፣ ሌላ ተጫዋች ዕቃችሁን አያይም። በ8 ኦብሲዲያን እና በአንድ የኢንደር ዓይን ይሠራል። ሲልክ ተች (ብሎክን እንዳለ የሚያስነሳ አስማት) በሌለው ዶማ ካነሳችሁት ኦብሲዲያኑ ብቻ ይመለሳል፣ ዓይኑ ጠፋ። ሹልከሮቹን ኢንደር ቼስቱ ውስጥ ስትከቱ 27 ጊዜ 27፣ ማለትም 729 ቦታ ይዛችሁ ትዞራላችሁ።

ቤድሮክ ኤዲሽን ላይ ቁጥሩ ያው 36 ነው፤ አያያዙ ግን ይለያል። በስልክ ከሆትባሩ ጫፍ ያሉት ሦስት ነጥቦች ቦርሳውን ይከፍታሉ፤ ስታክ ለመክፈል ዕቃውን በጣት ተጭኖ መቆየት ያስፈልጋል፣ ይህም ከቀኝ ክሊክ ጋር ሲወዳደር ያዘግማል። ሆትባሩ ላይ ያለ ዕቃ ተጭናችሁ ከቆያችሁ ደግሞ ስታኩ ይወድቃል፤ ትንንሽ ስክሪን ላይ ይህ በተደጋጋሚ ሳይታሰብ ይደርሳል። ሁለተኛው እጅም ጋሻ፣ ቶተም (ከሞት የሚያድን ዕቃ)፣ ካርታ እና ጥቂት ሌሎች ነገሮችን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ችቦ አይገባም። ከላይ የተነገረው የዶማና ችቦ ዘዴ እዚያ አይሠራም። ለንክኪ ስክሪን ከሚቀርቡት አማራጮች መስቀለኛ ማነጣጠሪያ ያለውን መምረጥ ያዋጣል፤ ብሎኩን በጣት እየሸፈኑ ማነጣጠር አድካሚ ነው።

ከሥርዓቱ የጎደለው አንድ ነገር ማደራጃ ቁልፍ ነው። ሳጥን ከፍቶ በአንድ ጭነት ዕቃን በዓይነት መደርደር እስካሁን በመደበኛው ጨዋታ የለም፤ በጃቫ ያሉ ሰዎች በሞድ፣ ማለትም ሌሎች በሠሩት ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ይሞሉታል፤ ማውስ ትዊክስ የተባለው ሞድ ደግሞ የመጎተትና የጎማ ሥራዎችን ይጨምራል።

ሞታችሁ ቦርሳው ከተበተነም አትደናገጡ። ዕቃው መሬት ላይ የሚቆየው 5 ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ግን ያ አካባቢ በጨዋታው ውስጥ ተጭኖ ሲሠራ ብቻ ነው። አልጋችሁ ሩቅ ከሆነና እዚያ ሌላ ተጫዋች ከሌለ ቆጠራው የሚቀጥለው ስትጠጉ ነውና፣ ከቤት ምግብ፣ ዶማ እና ጥቂት ባዶ ቦታ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። ላቫ ውስጥ የወደቀ ግን ኔዘራይት ከተባለው ማዕድን ከተሠራ ዕቃ በቀር ተቃጥሏል።